የዘሩን እህል ስለ መብላት

በአገራችን ባላገር ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ይኸውም ራብ ቢጸና፥ ጎተራው ባዶ ቢሆን፥ በሬውም ተሸጦ ቢያልቅ፥ ለዘር ተለይቶ የተቀመጠውን እህል አለመንካት ነው። ዘሩን የበላ ሰው የአንድ ሳምንት ራት አግኝቶ የከርሞን ዓመት በሙሉ ያጣል። ስለዚህ አስተዋይ የሆነች የገበሬ ሚስት የዘሩን እህል ከዓይን ርቆ ከሚቀመጥበት ታኖረዋለች፤ ልጆች ሲያለቅሱ እጅ ወደዚያ እንዳይዘረጋ ብላ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለክቡራን የዞንና የወረዳ ሹማምንት ላሳስብ የምፈልገው ይህንኑ ነው። መንግሥት ለእርሻ ምርምር፥ ለዘር ምርጫ፥ ለከብት ክትባት፥ አንበጣንና ዋግን ለመጠበቅ የሚመድበው ገንዘብ የአገር የዘር እህል ነው። ይህ ገንዘብ በተቀነሰበት ዕለት ማንም አይራብም፤ ማንም አይጮህም። ዕዳውን የሚከፍለው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፥ መቀነሱን እንኳ ያልሰማ ሰው ነው።

ነገሩን ከሩቅ ከማምጣት ከምኖርበት ከልደታ ሰፈር ልጀምር። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት 1 ቀን፥ እንደ ልማዳችን፥ የሰፈራችን ሰዎች ከየቤታችን ወጥተን ግንቦት ልደታን በደጅ አከበርን። ቄጤማ ተጎዘጎዘ፤ ዳቦ ተቆረሰ፤ ቡና ተፈላ፤ ስንዴ፥ ሽምብራና ባቄላ የተቀላቀለበት ንፍሮም በሰፌድ ቀረበ። ጨዋታው ሲደራ አንዲት ጎረቤታችን ኀዘናቸውን ነገሩን። ልጃቸው ከውጭ አገር በሚመጣ ገንዘብ በሚካሄድ አንድ የእርሻ ጥናት ተቀጥራ ትሠራ ነበር፤ ገንዘቡ ስለ ቆመ ከጥር ወር ጀምሮ ከቤት ተቀምጣለች። ይህን የሰሙ አንድ ሽማግሌ፥ «እትዬ፥ ለልጅቱስ እግዜር ሌላ እንጀራ ይስጣት። ሥራው ግን የወረቀት ሥራ ነው፤ ቢቀርስ ምን ጎደለብን? ይኸው ንፍሮው በሰፌዱ ሞልቷል» አሉ። ሰዉም ሳቀ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ነገር ግን ወደ ሰፌዱ ስመለከት ሳቄ ቀረ። በዚያ ሰፌድ ላይ ከነበረው አብዛኛው፥ በስኒ የተቀዳውም ቡና፥ እኒያ ሽማግሌ የወረቀት ሥራ ባሉት ነገር ተጠብቆ የቆየ ነበረና። በዚያ ቀን በዓሉን ላለማደፍረስ ዝም አልሁ። ያን ጊዜ መመለስ የነበረብኝን መልስ አሁን እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ ስንዴውን እንይ። ስንዴ ዋግ የሚባል ጠላት አለው። ዋግ ዘሩ በዓይን የማይታይ፥ በነፋስ እየተጓዘ ድንበር የሚሻገር፥ ቅጠሉንና ግንዱን ዝገት አልብሶ ፍሬውን አጫጭቶ የሚያስቀር የሻጋታ ወገን ነው። በ1991 ዓ.ም. በኡጋንዳ አንድ አዲስ የግንድ ዋግ ተገኘ። በዓለም በሰፊው ይዘሩ ከነበሩት የስንዴ ዓይነቶች እጅግ ብዙዎቹ ሊቋቋሙት የማይችሉት ሆነ፤ ስሙም ዩጂ 99 ተባለ። በ1995 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መኖሩ ታወቀ። የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበሉት የስንዴ ሊቅ ኖርማን ቦርሎግ፥ ዕድሜያቸው ዘጠና ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ፥ መንግሥታት እንዲነቁ ጮኹ። ለምን መጮህ አስፈለጋቸው? ከዚያ በፊት ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የግንድ ዋግ ተሸንፏል ተብሎ ታምኖ ስለ ነበር ነው። ጠላት ድል ተነሥቷል ከተባለ ዘበኛ ለምን ይቀጠራል? በዚህ ምክንያት በየአገሩ ስለ ዋግ የሚያጠኑ ሰዎች ቁጥር እያነሰ ሄዶ፥ ጠላት ሲመለስ በር ላይ የቆመው ሰው ጥቂት ሆነ።

ዋግ በእኛም አገር ሁለት ጊዜ በአጭር ዘመን ውስጥ ትምህርት ሰጥቶናል። በ2002 ዓ.ም. ክረምት ተዘርቶ በ2003 ዓ.ም. በተሰበሰበው መኸር ቢጫ ዋግ ተነሥቶ፥ ኩብሳና ገላማ የተባሉትን በሰፊው የተዘሩ ስንዴዎች አጠፋ። ገበሬውም ቢጫ ዋግን ይቋቋም ወደ ነበረው ዲገሉ ወደ ተባለው ዓይነት ዞረ፤ እፎይም አለ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፥ በ2006 ዓ.ም. መኸር፥ ከዩጂ 99 የተለየ ሌላ የግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ ወርዶ ይኸንኑ ዲገሉን መታው። በአንዳንድ ማሳ የታጨደው ገለባ ብቻ ሆነ። በአሰላ አጠገብ ባለው በቁሉምሳ የምርምር ማዕከልና በሌሎችም ጣቢያዎች የሚሠሩት ሰዎች አስቀድመው ሌሎች ዓይነቶችን በማሳቸው ላይ እየፈተኑ ባይቆዩ ኖሮ፥ በማግሥቱ ዓመት ለገበሬው የሚሰጠው ዘር ከወዴት በተገኘ ነበር?

ከዚህ የምንማረው የዘር ምርምር አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ሥራ አለመሆኑን ነው። እንደ ሣር ቤት ክዳን ነው። ክዳኑ ሲታደስ ቤቱ አይረዝምም፤ አይሰፋምም፤ ባለቤቱ ያወጣው ገንዘብ ለምን እንደ ዋለ ለእንግዳ የሚያሳየው ነገር የለውም። ክዳኑ ሳይታደስ የቀረ እንደሆነ ግን በሐምሌ ሌሊት ሁሉም ያውቀዋል።

ወደ ቡናው እንለፍ። በ1963 ዓ.ም. የቡናን ፍሬ በዛፉ ላይ እንዳለ አጥቁሮ የሚያደርቅ በሽታ በኢትዮጵያ ታየ። ቡና ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ፥ ለከፋ፥ ለኢሉባቦር፥ ለሲዳማ ባላገር ደግሞ የልብስ፥ የግብርና የሠርግ ገንዘብ ነው። የጅማው የመልኮ የምርምር ጣቢያ ሰዎች በበሽታው መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ዛፎች ከየጫካውና ከየገበሬው ጓሮ እየፈለጉ ለቀሙ፤ ዘራቸውን ወስደው አበቀሉ፤ በሽታውን ሆን ብለው እያስያዙ ፈተኑ። ከዚህ ሥራ የወጡት 74110 እና 74112 የተባሉት የቡና ዓይነቶች ከኢሉባቦር ጫካ የተገኙ ናቸው፤ በቁጥራቸው መጀመሪያ ያለው 74 በአውሮፓ አቆጣጠር የተመረጡበትን 1974ን ያመለክታል። ዛሬ የቡና ገበሬዎቻችን እነዚህን ቁጥሮች እንደ ልጆቻቸው ስም ይጠሯቸዋል። ይህ ሊሆን የቻለው በሽታው ከመምጣቱ አስቀድሞ የምርምር ጣቢያው ተቋቁሞ ሰውም ተቀጥሮ ስለ ነበር ነው። የእርሻ ምርምር ድርጅት የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ በሽታው የታየው ከ5 ዓመት በኋላ ነው። በሽታው ከገባ በኋላ ቤት መሥራት፥ ሰው ማስተማር፥ መሣሪያ ማስመጣት ቢጀመር ኖሮ ቡናው ሳይጠብቀን በደረቀ።

በዚያ ዕለት በሰፌዱ ላይ ያልነበረው፥ በየቤታችን መሶብ ግን የማይጠፋው ጤፍ ነው። ስንዴን አሜሪካም፥ ሕንድም፥ አውስትራልያም ይመረምሩታል፤ እኛ ብንሰንፍ ከነርሱ መዋስ ይቻላል። ጤፍን ግን ኢትዮጵያ ካልመረመረችው ማን ይመረምርላታል? የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ከመሆኑ የተነሣ አንዱን ዓይነት ከሌላው ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ለብዙ ጊዜ ይታሰብ ነበር። በ1966 ዓ.ም. ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው በማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት አስተውለው የማዳቀልን መንገድ አገኙ። ከዚያ በኋላ በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የሚሠሩ ሰዎች በማለዳ እየተነሡ፥ በአጉሊ መነጽር እየተመለከቱ፥ በወረንጦ እየለቀሙ ብዙ ዓመት ደከሙ። ነጭነቱ ለገበያ የሚወደደውን ጤፍ ብዙ ምርት ከሚሰጠው ጋር አዳቅለው ቁንጮ የተባለውን ዓይነት በ1998 ዓ.ም. ለገበሬው ሰጡ።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፥ ሁለቱን ዓመታት አስተያዩአቸው፤ ከ1966 እስከ 1998 ዓ.ም. 32 ዓመት ነው። በዚህ መካከል ሦስት መንግሥታት ተፈራርቀዋል፤ ጦርነት ሆኗል፤ ድርቅም ወርዷል። ከነዚህ ዓመታት በአንዱ፥ «ይህ የጤፍ ማዳቀል እስከ ዛሬ ምን አፈራ?» ብሎ በቀይ ቀለም የሚሰርዘው ባለሥልጣን ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ፥ በዚያ ዓመት ትክክለኛ ሰው በመሰለ ነበር። ፍሬ ገና አልታየምና ማንም ባልወቀሰው ነበር። የተሰረዘውን ነገር የሚያለቅስለት የለም፤ ያልተወለደ ልጅ ልቅሶ አይቀመጡለትምና።

አሁን ደግሞ ያንን ሁሉ ያረሰውን በሬ እናስብ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የሆነውን ክፉ ቀን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የደስታ በሽታ ገባ፤ ከአገሪቱ ከብት ከመቶ 90 የሚያህለው አለቀ ተብሎ ይገመታል። በሬ በማለቁ መሬት ጦም አደረ፤ ሕዝብም በራብና ራብን ተከትሎ በመጣ ደዌ ረገፈ። ዳግማዊ ምኒልክ ሕዝቡን ለማበረታታት በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው እንደ ቆፈሩ ይነገራል። ያን ጊዜ ንጉሡም፥ ካህኑም፥ ባላገሩም የበሽታውን ምክንያት የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም።

ይኸው በሽታ ዛሬ ከምድር ገጽ ጠፍቷል። በኬንያ ሙጉጋ በተባለው ቦታ ዋልተር ፕላውራይት የተባሉ የከብት ሐኪም በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ግድም ጥሩ ክትባት አወጡ። ኋላም በአሜሪካ መንግሥት ላቦራቶሪ ያለ በረዶ ለአንድ ወር የሚቆይ ክትባት ተሠራ። ይህ ክትባት መኪና በማይደርስበት በአፋር በረሓ፥ ከአርብቶ አደሩ መካከል በተመረጡና በሠለጠኑ ሰዎች እጅ፥ ለከብቱ ተሰጠ፤ በኢትዮጵያም ከ1980ዎቹ ፍጻሜ ወዲህ በሽታው አልታየም። በ2003 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ፤ በሰው ጥበብ ከጠፉት በሽታዎች ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። የአፍሪካ ኅብረት የከብት ክትባት ጥራት መመርመሪያ ማዕከልም በቢሾፍቱችን ይገኛል። እንግዲህ ዛሬ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ወጣት ገበሬ የደስታን በሽታ ስም እንኳ ላያውቅ ይችላል። የሳይንስ ትልቁ ፍሬ ይህ ነው፤ ትልቁም ጉዳቱ ይህ ነው። የሚጠብቀንን ነገር የሚያስረሳን እርሱ ራሱ ነው።

ይህን ካልሁ በኋላ በ2017 ዓ.ም. የሆነውን ላንሣ። በጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ አገር የሚሰጠውን ርዳታ በድንገት አገደ፤ ሰኔ 24 ቀን የተራድኦ ድርጅቱ ተዘጋ። ከእህል ርዳታው ጋር በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሆነው ከአፍሪካ አገሮች ጋር ይሠሩ የነበሩት የእርሻ ምርምር ላቦራቶሪዎች ሥራ እንዲያቆሙ ታዘዙ። የኛም ልጆች በየጥናቱ ተቀጥረው የነበሩት ተበተኑ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የነካኝ ስለ ራብ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀው የመረጃ ሥራ መቋረጡ ነው። ይህ ሥራ የተጀመረው በ1977ቱ ድርቅ ምክንያት ነበር። ያ መከራ የወረደው በወሎና በትግራይ፥ በሌሎችም አገሮቻችን ነው፤ ዓለም ዘግይቶ ስለ ሰማ አፍሮ፥ ዳግመኛ እንዳይዘገይ ዝናብን፥ የገበያ ዋጋንና የግጦሽን ሁኔታ በየወሩ የሚከታተል ድርጅት አቋቋመ። አርባ ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ በአንድ ትእዛዝ ድምፁ ጠፋ። ከወራት በኋላ ሥራውን መልሶ ጀምሯል፤ ነገር ግን በመካከል ያሉት ወራት ጎዶሎ ሆነው ቀሩ።

ይህ ጎዶሎ ምን ይጎዳል የሚል ሰው ቢኖር ከራሴ ሕይወት ልመስክር። የቄስ ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ፥ አንድ መምህራችን በግቢው መካከል የዝናብ መለኪያ አቁመው፥ ጧት ጧት በተራ እየሄድን እንድናነብብና በመዝገብ እንድንጽፍ ያደርጉን ነበር። አንድ ዓመት በክረምት እኔና ጓደኞቼ ለሦስት ሳምንት ያህል ሰንፈን ሳንጽፍ ቀረን፤ ኋላም ስንፈራ በግምት ልንሞላው አሰብን። መምህሩ ደርሰውብን አልቆጡም፤ መዝገቡን ከፍተው ባዶውን ገጽ አሳዩንና፥ «ገንዘብ ቢጠፋ ተሠርቶ ይተካል፤ ያልተለካ ዝናብ ግን ተመልሶ አይዘንብም» አሉን። በሽምግልናዬ ዋዜማ ስለ በጀት ባሰብሁ ቁጥር ያ ባዶ ገጽ ይታየኛል። መንገድ ሥራ ለአንድ ዓመት ቢቆም በከርሞው ከቆመበት ይቀጥላል። የዘር ምርመራ ለአንድ ዓመት ቢቆም ግን በየዓመቱ መዘራት ያለበት ዘር ይበላሻል፤ የሠለጠነው ሰው ሌላ ሥራ ይዞ ይሄዳል፤ መዝገቡም ይጎድላል። ገንዘቡ ሲመለስ ነገሩ አይመለስም።

የውጭ አገር ሰዎችን ብቻ መውቀስ ግን ፍርድ ማጓደል ነው። ገንዘቡ የነርሱ ነው፤ ሲፈልጉ ይሰጣሉ፤ ሲፈልጉ ይከለክላሉ። በሰው መብራት የሚያነብ ሰው ባለ መብራቱ ሲተኛ በጨለማ ይቀራል። የአፍሪካ መንግሥታት በሐምሌ 1995 ዓ.ም. በማፑቶ ተሰብስበው ከበጀታቸው ከመቶ 10 እጁን ለእርሻ ሊያውሉ ቃል ገቡ፤ በጥር 1998 ዓ.ም. ደግሞ በካርቱም ከአገር ጠቅላላ ምርት ከመቶ አንዱን ለምርምር ሊሰጡ ተስማሙ። ከመቶ አንዱ እንኳ ለአብዛኛዎቹ አገሮች ያልተደረሰበት ተራራ ሆኖ ቆይቷል።

መዋጮ ሲጓደል የሚሆነውንም በአንበጣ አይተናል። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሓ አንበጣ መከላከያ ድርጅት በ1954 ዓ.ም. ሲቋቋም፥ አባል አገሮቹ አንበጣ ክንፍ ሳያወጣ ከሚፈለፈልበት በረሓ ላይ እንዲጠፋ ብለው ነበር። ነገር ግን አንበጣ ሳይመጣ ብዙ ዓመት ሲያልፍ፥ መዋጮው እየተጓተተ ድርጅቱ ለረዥም ጊዜ ገንዘብ እንዳጠረው በይፋ የተነገረ ነው። በ2012 ዓ.ም. አንበጣው ሲነሣ በኢትዮጵያ ላለፉት 25 ዓመታት እንደዚያ ያለ አልታየም ተባለ። አንድ ኪሎ ሜትር ካሬ የሚሸፍን መንጋ በአንድ ቀን የ35,000 ሰው ምግብ ያህል ይበላል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ በራያና በወሎ የደረሰ ማሽላና ጤፍ ሊታጨድ ሲል ተበላ፤ ሕፃናትና እናቶች ቆርቆሮ እየደበደቡ፥ ጅራፍ እያጮኹ ሲከላከሉ አየን። ለአንበጣው መነሣት ዋናው ምክንያት በዐረብ በረሓ የዘነበው ብዙ ዝናብና የየመን ጦርነት ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ዘበኛው ደመወዙን ባላገኘበት ቤት ሌባ ሲገባ ጥፋቱ የሌባው ብቻ አይደለም።

ከዚህም ሌላ ማንም «ቀንሱ» ሳይል የሚቀነስ ገንዘብ አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ 57 ብር ያህል የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የላቦራቶሪ መድኃኒት፥ የመሣሪያ መለዋወጫ፥ የአጉሊ መነጽር መስተዋት ከውጭ የሚገዙ ናቸው። እንግዲህ በጀቱ በወረቀት ላይ እንደ አምናው ቢጻፍ እንኳ የሚገዛው ግማሹን ያህል ሆነ ማለት ነው። በመዝገብ የማይታይ ቅነሳ ከሚታየው ይከፋል፤ የሚከራከርለት የለምና።

አሁን ደግሞ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከብዙ ዓመት በፊት፥ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ሳለሁ፥ ከአንድ ወረዳ የስንዴ ዋግ ታይቷልና ማሳ ለማሳ ዞሮ ለመመልከት የመኪና ነዳጅ ይፈቀድልን የሚል ደብዳቤ መጣ። የተጠየቀው ገንዘብ በዚያው ሳምንት ለአንድ ስብሰባ ምሳ ከተከፈለው ያነሰ ነበር። «ለጊዜው በጀት ስለሌለ» የሚለውን መልስ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ቃሉም ባማረ አማርኛ ስለ ወጣልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ነዳጁ የተፈቀደው አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ዋጉን ያመጣው ያ ደብዳቤ ነው አልልም፤ ነፋስ ያመጣውን ነዳጅ አይመልሰውም። ነገር ግን በወቅቱ ቢታይ መድኃኒት ይረጭባቸው የነበሩ ማሳዎች እንደ ነበሩ አውቃለሁ። በዚያው አገር የምትኖር አክስቴ በዚያ ዓመት ለልጅዋ ሠርግ ያሰበችውን ስንዴ አጥታ ሠርጉን ለከርሞ አስተላለፈች። ለምን እንደሆነ ስትነግረኝ፥ «የእግዜር ቁጣ ነው፥ ልጄ» አለችኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ዝም አልሁ። የእግዜር ቁጣ ከምትለው ውስጥ አንዱ መስመር በእኔ እጅ የተጻፈ ነበር።

የሚቃወመኝ ሰው ሁለት ነገር ሊለኝ ይችላል። የመጀመሪያው፥ «ሕዝብ ዛሬ እየተራበ ስለ ከርሞ ዘር ማውራት ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ መሆን ነው» የሚል ነው። ለተራበ ሰው ዛሬ መብላት እንዳለበት አምናለሁ፤ ነገር ግን ከምርምር የሚነጠቀው ገንዘብ ወደ ተራበው ሰው መሶብ ሲሄድ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ዮሴፍ በግብፅ ሰባቱን የጥጋብ ዓመታት ያሳለፈው ስለሚመጡት ሰባት የራብ ዓመታት እያሰበ ነበር፤ በዚህም ግብፅ ብቻ ሳትሆን የገዛ ወንድሞቹ ዳኑ። ሁለተኛው ተቃውሞ፥ «የምርምር ገንዘብ ብዙ ጊዜ በከንቱ ይባክናል፤ የጥናቱ ወረቀት በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል» የሚል ነው። ይህ እውነት አለበት። ለአበል ሲባል ብቻ የሚደረግ ጉዞ፥ ከገበሬው ማሳ የማይደርስ ጥናት፥ መሣሪያው ተገዝቶ ሳጥኑ ያልተከፈተበት ቤት አለ። ነገር ግን የባከነውን ለይቶ መቅጣት አንድ ነገር ነው፤ ከእንክርዳዱ ጋር ስንዴውን መንቀል ሌላ ነገር ነው። ቅነሳ በመጣ ጊዜ በመጀመሪያ የሚሰረዘው የማሳው ሥራ፥ በመጨረሻ የሚሰረዘው የስብሰባው ወጪ ከሆነ፥ ያ ቁጠባ አይባልም።

እንግዲህ በዞንና በወረዳ ያላችሁ ሹማምንት የአገሪቱን በጀት የምትወስኑ አይደላችሁም። ይሁን እንጂ በእጃችሁ ያለው ቀላል አይደለም። ባጭሩ አራት ነገር ላሳስብ።

አንደኛ፥ ቅነሳ በታዘዘ ጊዜ፥ ጊዜ የማይጠብቀውን ሥራ ከሚጠብቀው ለዩ። የዋግና የአንበጣ አሰሳ፥ የክትባት ዘመቻ፥ የዝናብ መለካት፥ የዘር ማባዣ ማሳ ወቅታቸው ካለፈ ገንዘብ አያስመልሳቸውም። የቢሮ ቀለም መቀባት ግን ለከርሞ ይቆያል።

ሁለተኛ፥ ለምርምርና ለአሰሳ የተሰጠ መኪናና ነዳጅ ለሌላ ጉዳይ እንዳይወሰድ ጠብቁ። በጥቅምትና በኅዳር አንድ መኪና ለሁለት ሳምንት ከማሳ መራቁ ለእናንተ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለዋጉ ግን ሙሉ ነጻነት ነው።

ሦስተኛ፥ ገበሬው ያየውን በቶሎ ወደ ላይ አስተላልፉ። አዲስ ነቁጥ፥ ያልታወቀ ትል፥ የእንሰት መጠውለግ፥ የበግና የፍየል ሞት በመጀመሪያ የሚታየው በባላገሩ ዓይን ነው። የምርምር ጣቢያው ብዙ ሰው ማሰማራት በማይችልበት ዘመን የናንተ ቀበሌ ዓይኑ ሊሆንለት ይችላል። «ወረዳችን በሽታ አለበት መባሉ ያስነቅፈናል» ብሎ መደበቅ ከቅነሳው የባሰ ጥፋት ነው።

አራተኛ፥ ከምርምር ያገኛችሁትን ጥቅም በቁጥርና በታሪክ ጽፋችሁ ላኩ። በወረዳችሁ አዲሱን ዘር የዘራው ገበሬ ስንት ኩንታል አገኘ? ከዚያ በፊትስ ስንት ያገኝ ነበር? በጀት የሚወስኑ ሰዎች ሩቅ ናቸው፤ የሚያዩት ወጪውን እንጂ ንፍሮውን አይደለም። እናንተ ካልነገራችኋቸው ማን ይነግራቸዋል?

ወደ ልደታው ሰፌድ ልመለስና ልጨርስ። እኒያ ሽማግሌ የተናገሩት በክፋት አልነበረም። ሰፌዱ ሞልቶ ስላዩ ነው፤ ሰው የሞላ ሰፌድ ሲያይ ስለ ጎደለው ማሰብ ይከብደዋል። የጎረቤታችን ልጅም ይህን እስከምጽፍ ድረስ ሥራ አላገኘችም፤ አምስት ዓመት የተማረችው የዋግን ዓይነት ከዓይነት መለየት ነበር፤ አሁን የእናትዋን ሱቅ ትጠብቃለች። ሱቅ መጠበቅ የከበረ ሥራ ነው፤ የሚያሳፍር አይደለም። ነገር ግን በሚመጣው ጥቅምት በአንድ ማሳ ላይ ያልታወቀ ነቁጥ ቢታይና ገበሬው፥ «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መልሱን የምታውቀው ልጅ በልደታ በሱቅ መስኮት ውስጥ ተቀምጣ ስኳር ትመዝናለች። የዘሩ እህል ተበላ የምለው ይህን ነው። የቀረውን እፍኝ እንኳ እንድንጠብቅ እግዚአብሔር ማስተዋሉን ይስጠን።